የመንግሥት ሥርዓቶችን ሲያነጻጽሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ በሚገኘው የምክር ቤት ሕንፃ፣ በየዓመቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ይሰበሰባሉ፤ ስብሰባውንም ርእሰ ብሔሩ በንግግር ይከፍታሉ። በንግግሩ የሚዘረዘረው መንግሥት በዓመቱ ሊሠራ ያቀደው ሲሆን፣ አባላት በኋላ ለሚያነሱት ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። የመክፈቻውን ሥነ ሥርዓት ብቻ የተመለከተ የውጭ አገር ሰው አገሪቱን የሚመሩት ፕሬዚዳንቱ ናቸው ቢል አይፈረድበትም፤ ሆኖም ከሁሉ የተለመደውን ስህተት ሠርቷል፤ ሥልጣንን በማዕረግ ስም ለክቷል።

ኬንያም ደቡብ አፍሪካም ፕሬዚዳንት አላቸው። የኬንያው በቀጥታ በሕዝብ የሚመረጥ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት፣ በተጨማሪም ከ47ቱ ካውንቲዎች ከግማሽ በሚበልጡት ቢያንስ 25 በመቶ መያዝ ይጠበቅበታል። የደቡብ አፍሪካውን ግን የሚመርጠው ብሔራዊ ምክር ቤቱ ነው፤ ያው ምክር ቤት እምነት ሲያጣበትም ሥልጣኑን መልቀቅ ግዴታው ነው። በዚህ ረገድ ከናይሮቢው አቻው ይልቅ በምክር ቤት ተመርጦ ለምክር ቤት ተጠሪ ለሆነው ለአዲስ አበባው ጠቅላይ ሚኒስትር ይቀርባል። ስለዚህ «ማን ይሾመዋል? ማንስ ያነሣዋል?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መመለስም ያስፈልጋል፤ በስዊዘርላንድ ሰባቱን የመንግሥት መሪዎች ፓርላማው ለአራት ዓመት ይመርጣቸዋል እንጂ በመሐል በመተማመኛ ድምፅ ሊያወርዳቸው አይችልም።

በትምህርት ቤት ክርክር ላይ «ዘውድ ይሻላል ወይስ ዴሞክራሲ?» የሚል ርዕስ ሲቀርብ ደግሞ ሁለት የተለያዩ መመዘኛዎች ተደባልቀዋል። ስዊድን ንጉሥም ነፃ ምርጫም አላት፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ግን ንጉሡ ራሳቸው ይገዛሉ። ፌዴራላዊነትም እንዲሁ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው፤ አሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ፣ ጀርመን ፓርላሜንታዊ ሆነው ሳለ ሁለቱም ፌዴሬሽኖች ናቸው።

ሕገ መንግሥቱን አንብቦ አገሪቱን እንዳወቁ መቁጠር ሦስተኛው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የጸደቀው የሶቪየት ኅብረት ሕገ መንግሥት የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን በጽሑፍ ያረጋገጠ ነበር፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተረሸኑ። በተቃራኒው፣ በአንድ ሰነድ የተጠቃለለ ሕገ መንግሥት ስለሌላት ብቻ ብሪታንያን ሕገ መንግሥት አልባ አገር አድርጎ የሚጽፍም አይጠፋም።

የቀረው ስህተት የእኛው የአገር ቤቱ ነው። በስድስት ኪሎ የባዕድ ቋንቋና የአማርኛ መጻሕፍትን ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚሠራ ተማሪ «የ1987 ሕገ መንግሥት» የሚል ሐረግ በሁለቱም ሊያገኝ ይችላል፤ የተጠቀሱት ሰነዶች ግን የተለያዩ ናቸው። በውጭ ጸሐፊዎች ዘንድ ሐረጉ የሚያመለክተው በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ በ1979 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበውን የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ነው፤ አገሪቱን አሃዳዊ፣ የሠራተኞች ፓርቲንም ብቸኛ መሪ ያደረገውን ማለት ነው። በአማርኛ መጻሕፍት ግን ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት ነው፤ ፌዴራላዊና ፓርላሜንታዊ። ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተጻፈ፣ የአንዱን አንቀጽ ለሌላው የሰጠ ንጽጽር ማንም ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል።