ለመምህራን ዕውቅና አሰጣጥ፦ ለርዕሳነ መምህራንና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የቀረበ መመሪያ

የመምህር ሥራ ፍሬው ዘግይቶ የሚታይ ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንበብ ያስተማሩ መምህር፣ ያ ንባብ ለልጁ ምን እንደጠቀመው በግልጽ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም እሳቸው በማያዩበት ቦታ ነው። ከዚህም በላይ የሥራቸው ዋናው ክፍል የሚከናወነው በሩ ተዘግቶ፣ ከተማሪዎች በቀር ሌላ ባለሙያ በሌለበት ነው። ዕውቅና መስጠት የሚፈልግ ኃላፊ ሁሉ ሊጀምር የሚገባው ከዚህ እውነታ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መምህራን ብዙውን ጊዜ የሚያጡት ምስጋናን ሳይሆን ሥራቸውን በቅርብ አይቶ የሚያመሰግን ሰው ነው። በስብሰባ መዝጊያ ላይ ለሁሉም በአንድነት የሚቀርብ ምስጋና ከአንገት በላይ መሆኑን አድማጩ ወዲያው ይረዳዋል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዕውቅና የደመወዝ ምትክ አይደለም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ደመወዝ፣ የሥራ ሁኔታና የአስተዳደር ፖሊሲ ሲጓደሉ ሠራተኛውን ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታውን ያስቀሩ እንደሆነ እንጂ ብቻቸውን ለሥራ አያነሳሱም። የሚያነሳሳው ውጤት ማስመዝገብ፣ ዕውቅና ማግኘት፣ ኃላፊነት መረከብና ሥራው ራሱ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በመሐንዲሶችና በሒሳብ ሠራተኞች ላይ በመሆኑ እንዳለ ወደ ትምህርት ቤት ሊገለበጥ አይገባም፤ ሆኖም አንዱ ወገን ሌላውን እንደማይተካ የሚያስገነዝበው ነጥብ ለእኛም ይሠራል። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ የመምህራንን ደረጃ በሚመለከት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1966 የጸደቀው የውሳኔ ሐሳባቸውም ለመምህራን የሚሰጠውን ክብር ከሥራ ሁኔታቸውና ከክፍያቸው አይለይም። ስለዚህ የዘገየ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም የተጓተተ የደረጃ ዕድገት ካለ፣ የምስክር ወረቀት ከማሳተም በፊት እሱን መከታተል ይቀድማል። ክፍያው በእርስዎ እጅ ባይሆን እንኳ ጉዳዩ የት እንደደረሰ በየጊዜው ማሳወቅ በእርስዎ እጅ ነው።

ከማመስገን በፊት ማየት

ወደ ክፍል ይግቡ። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ይህ ጉብኝት ከሥራ አፈጻጸም ምዘና የተለየ መሆኑን አስቀድመው ለመምህራኑ ይንገሩ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ፤ በጉብኝቱ ያዩትን አንድ ጊዜ በምዘና ነጥብ ላይ ከተጠቀሙበት ከዚያ በኋላ የሚያዩት ለእርስዎ ሲባል የተዘጋጀ ትምህርት ነው። የምልከታ ቅጽ ይዘው አይግቡ። በማስታወሻ ደብተርዎ የሚጽፉትም «ጥሩ ነው»፣ «ንቁ ተሳትፎ አለ» የመሳሰለውን ፍርድ ሳይሆን መምህሩ ያደረጉትንና የተናገሩትን፣ ተማሪዎቹም የመለሱትን ይሁን።

ለምሳሌ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። አንድ ተማሪ ወጥቶ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ ሁለት አምስተኛ ይሆናሉ ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። መምህርቷ መልሱን አላጠፉትም። «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ክፍሉን ጠየቁ። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ሥለው አካፈሉና ድምሩ ከአንደኛው ተደማሪ አንሶ መገኘቱን አዩ፤ ልጁም ጠመኔውን ሳይመልስ መልሱን ራሱ አረመ። ከዚህ በኋላ «ግሩም ትምህርት ነበር፣ በርቱ» ብሎ መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን መምህርቷ ከዚህ ምንም አያተርፉም። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ እንዲህ ያለ አጭር ማስታወሻ ቢደርሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው፦ «መምህርት፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የተማሪውን ስህተት ሳያጠፉ ለክፍሉ ጥያቄ ስላደረጉት፣ ልጁ ሳይሸማቀቅ ራሱ አርሞ ተቀመጠ። ያንን ጥያቄ አስቀድመው አዘጋጅተውት ነበር ወይስ እዚያው መጣልዎት?»

የማስታወሻው ጉልበት ያለው በሦስት ነገሮች ነው። መምህርቷ ያደረጉትን ለይቶ ይጠቅሳል፤ ድርጊቱ በተማሪው ላይ ያመጣውን ያሳያል፤ በመጨረሻም እንደ ባለሙያ ይጠይቃቸዋል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ጥያቄውን ነው፤ ምክንያቱም ምስጋና ብቻውን ውይይትን ይዘጋል፣ ጥያቄ ግን መምህርቷ የሚያውቁትን እንዲያካፍሉ በር ይከፍታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ከሰው የውስጥ ተነሳሽነት ሥር የሚገኙ ብለው የለዩዋቸው ሦስት ፍላጎቶች፣ ማለትም በራስ ውሳኔ መሥራት፣ ብቃት እንዳለ መሰማትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር፣ በዚህች አጭር ማስታወሻ ውስጥ ይገኛሉ።

ሽልማትና ገንዘብ

የሽልማት ሥርዓት ለመዘርጋት ያሰበ ትምህርት ቤት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ተነግሯቸው ሲሥሉ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የመሣል ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ ሽልማቱ ሳይጠብቁት የመጣላቸው ሕፃናት ግን እንዲህ አልሆኑም። መምህራንን በተመለከተም በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 በተካሄደ ሙከራ፣ ተማሪዎቻቸው በፈተና የላቀ መሻሻል ላሳዩ የሒሳብ መምህራን በዓመት እስከ 15,000 ዶላር ጉርሻ ቀርቦ ነበር። በአጠቃላይ ሲታይ ጉርሻ የቀረበላቸው መምህራን ተማሪዎች ካልቀረበላቸው መምህራን ተማሪዎች የተለየ ውጤት አላመጡም። ከዚህ የሚወሰደው ገንዘብ አያስፈልግም የሚል ትምህርት አይደለም፤ ጉርሻን ከፈተና ውጤት ጋር ማሰር የማስተማርን ጥራት ለማሻሻል አስተማማኝ መንገድ አለመሆኑ ነው።

«የዓመቱ ምርጥ መምህር» የሚባለውን ልማድ በተመለከተ፣ ባይኖር እመርጣለሁ። አንዱን ከፍ ሲያደርግ ብዙዎችን በዝምታ ዝቅ ያደርጋል፤ ቅሬታን ለማስወገድ ተብሎ ተራ በተራ ሲሰጥ ደግሞ ትርጉሙን ያጣል። የግድ የሚሰጥ ከሆነ መስፈርቱ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ይገለጽ፤ መራጮቹም ተሸላሚው የሠሩትን በተግባር ጠቅሰው ያስረዱ። በተለይ ምርጫው በፈተና ውጤት ላይ ብቻ እንዳይመሠረት አደራ እላለሁ፤ የማጠናቀቂያ ክፍል ተማሪዎች የሚያስመዘግቡት ውጤት ፊደል ካስቆጠሯቸው መምህር ጀምሮ የተጠራቀመ ነው።

በዝምታ የሚሠራውን ሥራ ፈልገው ያግኙ። ለአዲስ መምህር የትምህርት ዕቅዳቸውን የሚያካፍሉ፣ ለሁሉም ክፍሎች የሚሆን ፈተና በጥንቃቄ የሚያዘጋጁ፣ ልዩ ፍላጎት ላለው ተማሪ ሲሉ መልመጃውን በሌላ መልክ የሚጽፉ መምህራን በሪፖርት ላይ አይታዩም። ከወላጅ ወይም ከቀድሞ ተማሪ የሰሙትን መልካም ቃልም ለራስዎ አያስቀሩት፤ በዚያው ቀን ለተመሰገኑት መምህር ያድርሱ።

ዕውቅናው በአደባባይ ይሁን ወይስ በግል የሚለውን መምህሩን ራሳቸውን መጠየቅ ይሻላል። በሰልፍ ላይ ስማቸው ሲጠራ የሚደሰቱ አሉ፤ በባልደረቦቻቸው ፊት መነጠልን የሚሸሹም አሉ።

ብርታትን በጫና አለመክፈል

በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታየውና ከምንም በላይ መምህራንን የሚያዳክመው፣ በርትቶ የሠራ ሰው የሚያገኘው ዋጋ ተጨማሪ ሥራ መሆኑ ነው። «እርስዎ ስለሚችሉ ነው» እየተባለ ሌላ ኮሚቴ፣ ሌላ ክበብ፣ ሌላ ሪፖርት ይጨመርባቸዋል። እንዲህ ያሉ መምህራንን በእውነት ልናከብራቸው ከፈለግን፣ አዲስ ኃላፊነት ስንሰጥ ከክፍለ ጊዜያቸው እንቀንስ፤ ለምሳሌ ጀማሪ መምህራንን እንዲያማክሩ ከተመደቡ የማማከሪያው ሰዓት በሳምንታዊ ድልድላቸው ውስጥ ይግባ። ኃላፊነቱንም የመቀበልና ያለመቀበል መብት ይኑራቸው። የማስተማሪያ ዘዴያቸውን የመምረጥ ነፃነት መስጠትና ስለ ትምህርት ቤቱ ውሳኔዎች ቀድሞ ሐሳባቸውን መጠየቅ ወጪ የለውም፤ እንደ ዕውቅና ግን ከሜዳሊያ ይልቅ ክብደት አለው።

ምስጋናው መዝገብ ላይም ይስፈር። የተመሰገኑበትን ተግባር በዝርዝር የሚገልጽ፣ ቀን ያለው ደብዳቤ በግል ማኅደራቸው ከተቀመጠ፣ የደረጃ ዕድገት ወይም የውድድር ጊዜ ሲደርስ ማስረጃ ይሆናቸዋል፤ እርስዎ ቢዛወሩ እንኳ ተተኪው ኃላፊ ያገኘዋል።

በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ማስታወሻ ደብተርዎን ከመምህራኑ የስም ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ተግባቢ የሆኑት፣ ወይም ክፍላቸው ለቢሮ የቀረበ መምህራን ተደጋግመው ተጽፈው፣ ሌሎች አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጻፉ ቀርተው ሊያገኙ ይችላሉ። በሚቀጥለው ወር የሚገቡት ስማቸው ካልተጻፈው መምህራን ክፍል ይሁን። እዚያ ገብተው የሚመሰገን ሥራ ካጡም ለማጽናናት ብለው ምስጋና አይፍጠሩ፤ ያዩትን ችግር በግል ይንገሯቸው፣ ምን እንደጎደላቸው ይጠይቁ፣ ከሚረዳቸው ባልደረባ ጋር ያገናኟቸውና ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የተሻሻለውን ለማየት ተመልሰው ይግቡ።