የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን በግ፣ ዶሮና ድመት እንዴት እናቅርብ?

በእንስሳት አጋዥነት ለሰው ስለሚደረግ ሕክምና በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በውሻ ነው። ደሴ ላይ ግን ከውሻ መጀመር አያዋጣም። ሙስሊም አዛውንት የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ስለ ሶላታቸው ይጨነቃሉ። በክርስቲያኑም ቤት ውሻ የግቢ ዘብ እንጂ ጭን ላይ የሚወጣ አይደለም። በሽታው የቅርቡን ነገርና ስምን ቀድሞ ይወስዳል፤ እጅ የለመደው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ እንስሳው የሚመረጠው ከሰውየው የቀድሞ ኑሮ ነው፦ ከተንታ ወይም ከኩታበር ገጠር ለመጡ በግ፣ ጓሯቸው ዶሮ ሲያረቡ ለኖሩ እናቶች ዶሮ፣ ከተማ ተወልደው ላደጉ ድመት። ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ድሮ የወጋቸው ወይም የነከሳቸው እንስሳ ካለ እሱ አይመጣም።

በጓ ሴት፣ ቀንድ የሌላት፣ ዓመት ያለፋትና ሰው የለመደች ትሁን። በጡጦ ያደገ አውራ በግ የዋህ ይመስላል፤ ሰው ስለማይፈራ ግን ሲጎለምስ ይገጫል። በቅርቡ የወለደች ወይም የጨነገፈች በግ አታምጡ፤ ከእንግዴ ልጁና ከፈሳሹ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለ። አፏ ዙሪያ ቅርፊት ያለባትም የሰው እጅ ታቆስላለች። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የእንስሳት ሐኪም የትላትል መድኃኒት ይስጣት፤ መዥገርና ቁንጫም ይይላት። ድመት ከሆነች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ያላለፈበት ይሁን፤ ጥፍሯም በዋዜማው ይከርከም። የአረጋውያን ቆዳ ስስ ነው፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ ትንሽ ጭረት ብዙ ይደማል። ጋቢ ለሁለት አጥፋችሁ ጭናቸው ላይ አንጥፉ።

ደሴ ላይ ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 5፣ ፀሐይ ግቢውን ሲያሞቀው ነው። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል በ3 ሰዓት፣ ጥላ ሥር ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግና ጭቃ በጓ ትቅር፤ ድመት ወይም ዶሮ ቤት ውስጥ ትበቃለች። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ብዙዎቹ ሲመሽ ይረበሻሉ፤ በዚያ ላይ ከብት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው በምሽት በግ ካዩ «ማን ያስገባቸዋል?» ብለው ለመውጣት ይነሳሉ። ቀንም ቢሆን ይህ ስለሚያጋጥም የግቢው በር ይዘጋ። ከተነሱ አትከልክሏቸው፤ አብራችሁ ግቢውን አንድ ዙር ዙሩና ተመለሱ።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ለአዛውንቱ፣ ሌላው ለእንስሳው። መቀመጫው መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ይሁን። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ በጓ ሲያጎነብስ በግንባሩ ይደፋል። በጓን በአንድ ሜትር ተኩል ገመድ ይዛችሁ ከፊት ለፊት፣ በሚያዩት በኩል አምጡ። ከኋላ የመጣ እንስሳ ያስደነግጣል። «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ መጠየቅ ፈተና ነው፤ መልሱ ሲጠፋ ሰውየው ያፍራል። ይልቅ «እማማ፣ ይቺ በግ ርቧታል» በሉና ሁለት እፍኝ ፉርሽካ ያለበት ሰፌድ ስጧቸው። ከዚያ አይጨመር፤ በአንድ ጊዜ የበዛ እህል የበጓን ሆድ ያውካል። ፉርሽካው ንጹሕ ይሁን፤ ወደ አፋቸው የሚወስዱ አሉ። ለዶሮ አንድ ሲኒ ገብስ ይበቃል፤ ካቀረባችሁላቸው መጀመሪያ ጠጠሩን መልቀም የሚጀምሩ እናቶች አሉ፤ ተዉአቸው፣ ዶሮዋ ትጠብቅ። እንስሳዋን በድሮ ከብታቸው ስም ከጠሯት በዚያው ስም ጥሯት።

ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በቂ ነው። ድመቷ ጭራዋን ማወናጨፍ፣ በጓ በፊት እግሯ መሬት መምታት ከጀመረች ደቂቃው ባይሞላም ይቁም። አዛውንቱ ፊታቸውን ካዞሩ ወይም ጸጉሯን ጨምድደው ከያዙም እንዲሁ፤ የጨመደደ እጅ ግን አይጎተትም፣ የእጁን ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ ስታሹ ይላላል።

ሲያበቃ ማስታጠቢያና ሳሙና ወንበራቸው ድረስ ይምጣ። ወደ ቧንቧ እንሂድ ሲባሉ እምቢ የሚሉ ሰዎች እንደ ማዕድ ጊዜ ውሃ ሲፈስላቸው እጃቸው ራሱ ይዘረጋል። ቢያንስ 20 ሴኮንድ ይታሽ፤ በተለይ ከዶሮ በኋላ፣ ምክንያቱም ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዷቸው።

ከዚህ ብዙ አትጠብቁ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ 9 ጥናቶችን አይቶ የድባቴ ስሜትን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል አለ፤ መረበሽን እንደሚቀንስ ግን ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት አይቋረጥም። በየዕለቱ የበሉትን፣ የተናገሩትንና የተኙበትን ሰዓት በደብተር ያዙ። ከ8 ጊዜ በኋላ ለውጥ ካላያችሁ እንስሳውን ቀይሩ።

በእኛ አገር የማይዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ አረፋና ፋሲካ። የምትቀርበው በግ ለእርድ የምትገዛ አትሁን፤ ከሆነችም እርዱ እሳቸው በማያዩበት ግቢ ይፈጸም። «በጓስ?» ካሉ «ግጦሽ ወርዳለች» በቂ መልስ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የምትመጣው በተቻለ መጠን ተመሳሳይ ቀለም ይኑራት።