የባሽ ስክሪፕት ጽሑፍ ሲያወጣ ሲስተም ኮል እንዳያበዛ

ሲስተም ኮል ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት፣ ለመጻፍና ለመሳሰለው ሥራ ስርዓተ ክወናውን የሚጠይቅበት ጥሪ ነው። ከ1 እስከ 1000 ያሉ ቁጥሮችን በየመስመሩ ወደ ፋይል የሚጽፍ የባሽ (bash፣ የትእዛዝ መስመር ቋንቋ) ሉፕ፣ ማለትም ድግግሞሽ፣ እንውሰድ። ጽሑፉ ተደምሮ 3893 ባይት ነው፤ አንድ ራይት (write፣ የመጻፊያው ሲስተም ኮል) ይበቃዋል። ሉፑ ውስጥ ከኤኮው (echo፣ ጽሑፍ ከሚያወጣው ትእዛዝ) አጠገብ >> (ውጤቱን ወደ ፋይል መጨረሻ የሚልከው ምልክት) ካለ ግን ባሽ በየዙሩ ፋይሉን ይከፍታል፣ የቀድሞውን መውጫ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል፣ ይጽፋል፣ ሁሉን ወደነበረበት መልሶ ይዘጋል። ለአንዲት ቁጥር አስር ያህል ሲስተም ኮል ማለት ነው።

መጀመሪያ ይቁጠሩ። ስክሪፕቱን በኤስትሬስ (strace፣ ሲስተም ኮሎችን በሚከታተል መሣሪያ)፣ ከሰረዝ ኤፍና ከሰረዝ ሲ (-f -c) ጋር ያስኪዱት፤ ሲያበቃ የትኛው ኮል ስንት ጊዜ እንደተጠራ በሰንጠረዥ ያሳያል። ፍጥነቱን ግን በእሱ አይለኩ፤ ራሱ ስክሪፕቱን ክፉኛ ያዘገያል። ለሰዓቱ ታይም (time) አለ።

ከዚያ >>ን ከሉፑ አውጥተው ከመዝጊያው ከዳን (done) ቀጥሎ ይጻፉት። መክፈትና መዝጋቱ አንዴ ብቻ ይሆናል። ለአብዛኛው ስክሪፕት ይህ ይበቃል።

ራይቱ ግን አሁንም 1000 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቁጥሮቹን በአሬይ (በዝርዝር መያዣ) ሰብስቦ በአንድ ፕሪንትኤፍ (printf) ያወጣና የተገላገለ ይመስለዋል። ኤስትሬሱን ያለ ሰረዝ ሲ ቢያዩት ያው ነው፦ «7» ከአዲስ መስመር ምልክቷ ጋር 2 ባይት፣ «8» 2 ባይት፣ እንዲያው ይቀጥላል። ባሽ መውጫው ፋይል ቢሆንም መስመር ባለቀ ቁጥር የያዘውን ያፈሳልና (ወደ ፋይሉ ይጽፋልና)።

ስለዚህ የሚጽፈው ሌላ ፕሮግራም ይሁን። ሉፑን ሙሉ በሙሉ ወደ ኦክ (awk፣ ጽሑፍ የሚያቀነባብር ፕሮግራም) ቢያዛውሩት ወደ ፋይል ሲጽፍ በፈሩ (የጽሑፉ ጊዜያዊ ማቆያ) እስኪሞላ ይይዛል፤ በሊኑክስ ላይ በፈሩ በተለምዶ 4096 ባይት ስለሆነ ቁጥሮቻችን በአንድ ራይት ያልቃሉ። ከባሽ መውጣት ካልፈለጉ ጽሑፉን በ+= አንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ያጠራቅሙና በ<<< (ጽሑፍን ለፕሮግራም ግብዓት አድርጎ በሚሰጠው ምልክት) ለካት (cat፣ የተሰጠውን ጽሑፍ መልሶ ለሚያወጣው ፕሮግራም) ይስጡት። <<< መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ራሱ ስለሚጨምር የእርስዎን የመጨረሻ ምልክት ቀድመው ይቁረጡ፤ አለዚያ ባዶ መስመር ይተርፋል። ካትን ማስነሳት ራሱ በርካታ ሲስተም ኮል ስለሚፈጅ ለአምስትና ለአስር መስመር አያዋጣም።

በየመስመሩ ሰዓት ለመጻፍ ዴትን (date) የሚጠራ ሉፕ ካለዎት ግን የራይቱን ነገር ይተዉት፤ በየዙሩ አዲስ ፕሮሰስ መውለዱ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ከባሽ 4.2 ወዲህ ፕሪንትኤፍ ሰዓቱን ራሱ ይጽፋል።

በፈር ውስጥ ያለ ጽሑፍ ፋይሉ ላይ ገና የለም። በቴይል (tail) የሚከታተሉት ሎግ ከሆነ ዘግይቶ በጅምላ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ በኪል 9 (kill -9፣ ፕሮግራምን በግድ በሚያቆመው ትእዛዝ) ከተገደለም ያልፈሰሰው ይጠፋል። እንዲህ ላለው ሎግ ኦክ ውስጥ በየ100 መስመሩ ኤፍፍለሽን (fflush፣ በፈሩን የሚያፈሰውን ተግባር) ይጥሩ።