ቀላል የሞባይል ካልኩሌተር ገጽታ እንዴት ይነደፋል?

የካልኩሌተር መተግበሪያ ለመንደፍ የሚነሱ ብዙ ጀማሪዎች ሥራውን ከቁልፎቹ ይጀምራሉ፤ ቀለም ያማርጣሉ፣ ማዕዘኖቹን ያጎብጣሉ፣ ጥላ ይጨምራሉ። እኔ የምመክረው ከማሳያው እንዲጀምሩ ነው። ተጠቃሚው ያስገባው ቁጥርና ምልክት በትክክል መመዝገቡን የሚያረጋግጥበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ማሳያው ግልጽ ካልሆነ ቁልፎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ስሌቱን ደግሞ መሥራቱ አይቀርም።

በመጀመሪያ መተግበሪያው የሚይዛቸውን ቁልፎች ይወስኑ። አሥሩ አሃዞች፣ ነጥብ፣ አራቱ የስሌት ምልክቶች፣ የእኩል ምልክት፣ ፐርሰንት፣ የመጨረሻውን አሃዝ ማጥፊያና ሁሉንም ማጥፊያ ለቀላል ካልኩሌተር ይበቃሉ። የማስታወሻ ቁልፎችን (ቁጥር አስቀምጠው በኋላ የሚመልሱትን፣ M+ እና የመሳሰሉትን) ይተዉአቸው፤ ያለፉ ስሌቶችን በዝርዝር ማሳየት ከእነርሱ ይልቅ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ማሳያውን ይንደፉ። ከሥራው ሁሉ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው። ሁለት መስመር ይስጡት፦ በላይኛው ተጠቃሚው የጻፈው ስሌት ሙሉ በሙሉ ይታይ፤ በታችኛው ደግሞ ውጤቱ፣ የእኩል ምልክት ከመነካቱ በፊትም ቢሆን በደብዛዛ ቀለም ይታይ። ሁለቱም በቀኝ ጠርዝ ይሰለፉ፤ ሺዎች በነጠላ ሰረዝ ይለዩ፤ አሃዞቹም እኩል ስፋት ካላቸው የፊደል ቅርጾች ይመረጡ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ሲረዝም ፊደሉ እስከ ተወሰነ መጠን ይነስ፣ ከዚያ በኋላ መስመሩ ወደ ጎን የሚንሸራተት ይሁን። የቁጥሩን ጫፍ ቆርጦ ማሳየት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ 1,250,000 ተቆርጦ 125,000 መስሎ ከሚነበብ ምንም ባይታይ ይሻላል።

ማሳያው የሚያሳየው ነገር ከስሌቱ ደንብ ጋር መስማማት አለበት። ተጠቃሚው 2 + 3 × 4 ብሎ ሲጽፍ የሒሳብ ቅደም ተከተልን የሚከተል መተግበሪያ 14 ይላል፤ እያንዳንዱን ምልክት እንደመጣ የሚያሰላ የቆየ ዓይነት ካልኩሌተር ግን 20 ይሰጣል። ሙሉው ስሌት በማሳያው ላይ እየታየ ውጤቱ 20 ከሆነ አንባቢው ስህተት መሆኑን ያያል፤ ስለዚህ ሁለት መስመር ከመረጡ 14 ግዴታ ነው። የፐርሰንት ቁልፍም ተመሳሳይ ውሳኔ ይፈልጋል፦ 200 + 10% በብዙ ካልኩሌተሮች 220 ሲሆን፣ 10%ን እንደ 0.1 ብቻ በሚወስዱት ግን 200.1 ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሰው በዚህ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው ጭማሪ ወይም ቅናሽ ነውና። የእኩል ምልክት ከተነካ በኋላ አሃዝ ቢነካ አዲስ ስሌት ይጀመር፤ የስሌት ምልክት ቢነካ ግን የተገኘው ውጤት ይቀጥል።

ከፕሮግራመሩ ጋርም አስቀድመው ይነጋገሩ። በተለመደው የኮምፒውተር የአስርዮሽ አያያዝ 0.1 + 0.2 ሲደመር 0.30000000000000004 ይወጣል። ይህንን በማሳያው ላይ በማጠጋጋት ከመሸፈን ይልቅ እንደ ቢግዴሲማል ያለ የአስርዮሽ ስሌት መሣሪያ መጠቀም ይሻላል፤ የተሸፈነው ስህተት በሚቀጥለው ስሌት ውስጥ መቆየቱ አይቀርም። በዜሮ ማካፈል ሲያጋጥም «ስህተት» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «በዜሮ ማካፈል አይቻልም» ይበሉ፤ የተጻፈውንም ስሌት ሳያጠፉ ለማረሚያ ያቆዩት።

አሁን ወደ ቁልፎቹ መሄድ ይቻላል። አንድሮይድ የሚመክረው አነስተኛ የመንኪያ መጠን 48 ዲፒ (የስክሪኑ ጥራት ቢለያይም ተቀራራቢ መጠን የሚሰጥ የአንድሮይድ መለኪያ) ሲሆን የአፕል ደግሞ 44 ፖይንት (የአፕል ተመሳሳይ መለኪያ) ነው፤ ለካልኩሌተር ግን ከዚህ በላይ ቦታ አለ። 360 ዲፒ ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ 16፣ በቁልፎች መካከል 8 ዲፒ ቢተዉ አራቱ ዓምዶች እያንዳንዳቸው 76 ዲፒ ይደርሳቸዋል። በአምስት ረድፍ 20 ቦታ ይገኛል፤ ቁልፎቹ 19 ስለሆኑ ዜሮ የሁለት ቁልፍ ስፋት ይያዝ። ለአሉታዊ ቁጥር የተለየ ቁልፍ አያስፈልግም፤ በስሌት መጀመሪያ ወይም ከሌላ ምልክት ቀጥሎ የተነካ የመቀነስ ምልክት የአሉታዊ ቁጥር ምልክት ሆኖ ያገለግላል። አሃዞቹን 7፣ 8፣ 9 ከላይ አድርገው ይደርድሩ፤ 1፣ 2፣ 3 ከላይ የሚሆነው በስልክ መደወያ ላይ ነው፤ ሁለቱን ማቀላቀል የለመደን ጣት ያሳስታል። ሁሉንም ማጥፊያው ከእኩል ምልክት ይራቅ።

ለቀለም ሦስት ቡድን ይበቃል፦ አሃዞች፣ የስሌት ምልክቶች፣ የእኩል ምልክት። በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን፤ ደብዛዛው የውጤት መስመርም ከዚህ ደንብ አያመልጥም።

አኒሜሽን ላይ ቁጥብ ይሁኑ። በ2017 በወጣው አይኦኤስ 11 ካልኩሌተር ላይ 1 + 2 + 3 በፍጥነት ሲነካ ውጤቱ 24 ይሆን ነበር፤ የቁልፉ አኒሜሽን ሳያልቅ የተነካው ሁለተኛው የመደመር ምልክት ስለማይመዘገብ ስሌቱ 1 + 23 ሆኖ ይቀር ነበር። ቁልፉ ጣት እንዳረፈበት ወዲያውኑ ቀለሙን ይቀይር፤ የሚቀጥለውን ንክኪ ግን ለአንድ አፍታም ቢሆን አያስጠብቅ።

በመጨረሻም ንድፉን በፊግማ (የገጽታ መንደፊያ ሶፍትዌር) ላይ አይተው ብቻ አይርኩ፤ በእውነተኛ ስልክ ላይ በአንድ እጅ፣ በአውራ ጣት ይሞክሩት። የስልኩን ፊደል ወደ ትልቁ መጠን ይቀይሩና ማሳያው ይፈርስ እንደሆነ ይዩ፤ ታልክባክን (በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ የአንድሮይድ አገልግሎት) ከፍተውም እያንዳንዱ ቁልፍ በስሙ መጠራቱን ያዳምጡ። ከዚያ ለሌላ ሰው ረዘም ያለ የቁጥር ዝርዝር ሰጥተው ያለ ምንም ማብራሪያ እንዲደምር ይጠይቁት፤ ጣቱ የዘገየበትን ቁልፍና ዓይኑ ደጋግሞ የተመለሰበትን የማሳያ ክፍል መዝግበው ከሌላው ሁሉ በፊት እነዚያን ያስተካክሉ።