የፕሌትሌትን ሥራ በቀላል መሣሪያ እንዴት መመርመር ይቻላል?

ነስር አልቆም ብሎት ወይም ድዱ በየጊዜው እየደማ ወደ ጤና ተቋም የመጣ ሰው በሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ቁጥር መሙላቱ ግን ፕሌትሌቶቹ ሥራቸውን ለመሥራታቸው ማረጋገጫ አይሆንም። ጉስታቭ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1962 ያስተዋወቀው፣ የፕሌትሌትን እርስ በርስ መጣበቅ በብርሃን የሚለካው ዘዴ በሌለበት ላብራቶሪ ፕሌትሌቶች የሚያመጡትን የረጋ ደም መኮማተር ማየት ጥሩ መነሻ ነው።

በቅድሚያ ታካሚው ስለወሰዳቸው መድኃኒቶች ይጠየቅ። አስፕሪን የነካው ፕሌትሌት እስኪሞት ድረስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አያገግምም፤ ይህ ምርመራ ደግሞ የአስፕሪንን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ቁጥሩ በማይክሮሊትር ከ100,000 በታች ከሆነም መኮማተሩ በዚያው ምክንያት ሊቀንስ ስለሚችል ሲቢሲው አስቀድሞ ይሠራ።

ቀጥሎ 5 ሚሊ ሊትር ደም ከደም ሥር ያለ ብዙ መነካካት ተቀድቶ፣ ማርጊያ መከላከያም ሆነ ጄል በሌለበት የብርጭቆ ቱቦ ይገባና ወዲያውኑ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። የጤነኛ ሰው ደምም በዚያው ሰዓት ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ ያለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሰጥ ውጤት አያስተማምንም። ቱቦው ሳይነቀነቅ በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ24 ሰዓት ይታያል። ጤናማ ደም ከረጋ በኋላ ቀስ በቀስ ከቱቦው ግድግዳ እየተላቀቀ ይጠብቅና ሴረም የሚባል ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ በዙሪያው ይተዋል፤ በመጨረሻ ሴረሙ የደሙን ግማሽ ያህል ይሆናል። ቀይ የደም ሕዋሱ የበዛ ሰው ሴረሙ ስለሚያንስ፣ የደም ማነስ ያለበት ደግሞ ስለሚበዛ፣ ሄማቶክሪቱን (ቀይ የደም ሕዋሳት በደሙ ውስጥ የያዙትን ድርሻ) ሳያዩ መፍረድ አይገባም።

የፕሌትሌት ቁጥሩ በቂ ሆኖ ደሙ ረግቶ ሳይኮማተር ከቀረ፣ ሐኪሙ ኤድዋርድ ግላንዝማን እ.ኤ.አ. በ1918 የገለጸው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ከጣት በቀጥታ በተወሰደ ደም ስላይድ ይሠራ፤ የጤነኛ ሰው ፕሌትሌቶች በማይክሮስኮፕ ተሰባስበው ሲታዩ፣ የዚህ ሕመምተኛ ግን አንድ በአንድ ተበታትነው ይታያሉ። ሆኖም መኮማተሩ ደህና መሆኑ ሌላ የፕሌትሌት ችግር የለም አያሰኝም፤ በርናርድ ሱሊየር በሚባለው ሕመም ደሙ እንደ ጤነኛ ይኮማተራል፣ ፕሌትሌቶቹ ግን ግዙፍ ናቸው።

ለቀጣዩ ምርመራ ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከቡሬ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚላከው ታካሚው ራሱ እንጂ ቱቦው ባይሆን ይመረጣል። ቅዝቃዜ ፕሌትሌትን ስለሚቀሰቅስ፣ ለሌላ ናሙና የለመድነው የበረዶ ሣጥን እዚህ ላይ ጎጂ ነው፤ የመጣበቅ ምርመራውም ደሙ በተቀዳ በ4 ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።