በዝናብ ዱአትሎን የደነዘዙ ጣቶቼን ያዳንሁበት ዘዴ

ባለፈው ሚያዝያ ሆላንድ ውስጥ በተወዳደርሁበት አጭር ዱአትሎን (ሮጠው፣ ብስክሌት ነድተው፣ እንደገና የሚሮጡበት ውድድር) ያሸነፈኝ ሩጫው አልነበረም። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በደህና ሮጬ ብስክሌቴ ዘንድ ስደርስ፣ ዝናቡና ነፋሱ ጣቶቼን አደንዝዘዋቸው የራስ ቁሬን ማሰሪያ መቆለፍ አቃተኝ። ማሰሪያው ሳይቆለፍ ብስክሌቱን ከመስቀያው ማንሳት ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው። አገጬ ሥር ከዚያች ትንሽ ፕላስቲክ ጋር ስታገል፣ ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ አልፈውኝ ሄዱ። ቁጭቱ ለሳምንታት አልለቀቀኝም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው። እጄን በረዶ የገባበት ውሃ ውስጥ እየነከርሁ ማሰሪያውን ደጋግሜ ቆለፍሁ። የሱፍ ጓንት ብቻውን አይረባም፤ ውሃ ሲጠጣ ጭራሽ ይብሳል። የሠራልኝ ከሥር ስስ የላስቲክ ጓንት፣ ከላይ ሱፉን ደርቦ ማጥለቅ ነው፤ ያውም ከሩጫው መነሻ ጀምሮ፤ አንዴ የቀዘቀዘን እጅ ጓንት አያሞቀውም። ለቁልፉ ሱፉን ብቻ አወልቃለሁ። የጫማዬንም ክር አውጥቼ የሚለጠጥ ላስቲክ አስገባሁበት።

በእርጥብ መንገድ እንዳልንሸራተት ደግሞ የብስክሌቱን ጎማ አየር ከ7 ባር ወደ 6 ዝቅ አደረግሁት። የእኔ ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ስለሆነ፣ ከመታጠፊያ በፊት ቀደም ብዬ በስሱ እየነካሁ ውሃውን አስጠርጋለሁ። በነጭ የመንገድ ቀለም ላይ ሳልፍ ፈጽሞ አልታጠፍም።

በጥቅምቱ ውድድር ዶፉ ከሚያዝያው ይከፋ ነበር። ማሰሪያው ግን በመጀመሪያው ሙከራ ቀጭ አለ።