የመርሳት ችግር ያለበት ቤተሰብ ሲደክመው እንዴት መርዳት ይቻላል

«ጃጅተዋል እኮ፣ ይተኙ ተዉዋቸው።» ደሴ ውስጥ አያቴን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ይህን ይለን ነበር። እኛም ተውናቸው። ቀኑን ሙሉ ተኝተው ውለው፣ ሌሊት ተነሥተው የበር መዝጊያ ሲዳብሱ ያድራሉ። ድካማቸው እርጅና ብቻ እንዳልሆነ የገባን ዘግይቶ ነው።

የመርሳት ችግር አንጎልን ስለሚጎዳ፣ እኛ ሳናስበው የምናደርገው ነገር ለእነርሱ ከባድ ሥራ ይሆንባቸዋል። ቀሚስ መልበስ፣ የመጣውን እንግዳ ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ፣ ጨዋታ መከተል ያደክማቸዋል። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የአንጎል ክፍልም ይዛባል።

በመጀመሪያ ደብተር ያዙ። ለአንድ ሳምንት መቼ እንደተኙ፣ መቼ እንደበሉ፣ የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደወሰዱ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነቃቁ ጻፉ።

ቀጥሎ ደብተሩንና መድኃኒቶቹን በሙሉ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ያልተነገረ ሕመም፣ ሁሉም ሰውን ያደክማሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። መድኃኒትም ያፈዛል። እኛ ለጉንፋን ብለን ራሳችን ገዝተን የሰጠናቸው ክኒን አያቴን ሁለት ቀን አደንዝዟቸው ነበር። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጡ አንዳንድ ክኒኖች፣ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም እንዲሁ፣ የመርሳት ችግር ላለበት ሰው ጎጂ ናቸው፤ ሳትጠይቁ አትስጡ። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ ግን ደብተር አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከዚያ ቀኑን አስተካክሉ። በየዕለቱ በአንድ ሰዓት ቀስቅሷቸውና ፀሐይ እንዲሞቁ ደጅ አስቀምጧቸው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሰዉ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ይወዳል፤ ያ ብርሃን ለአንጎል ቀን መሆኑን ይነግረዋል። አድካሚውን ሥራ፣ በተለይ ገላ መታጠብን፣ በደብተሩ ላይ ብርታት ባያችሁበት ሰዓት አድርጉት። ለአያቴ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ነበር የሚሻለው። ከዚያ በኋላ ወዲያው ሌላ ነገር አታስከትሉ፤ ይረፉ።

የቀን እንቅልፍ አትከልክሉ፣ ግን አሳጥሩት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊትም ይሁን። በየመሀሉ የሚወስዳቸውን እንቅልፍ ለማስቀረት እጃቸውን የሚያስይዝ ሥራ ስጧቸው፤ አያቴ ምስር ሲለቅሙ አይተኙም ነበር።

ቡናው ላይ መጨከን ከብዶኛል። ወሎ ላይ ቡና ጉርብትና ነው፣ ዱዓም ምርቃትም ያለበት ነው፤ ከዚያ ማስነሣት ሰውን ከሰው መለየት ነው። ስለዚህ የጠዋቱን ቡና አቦሉን ይጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ በሚፈላው ግን በረካውን ብቻ፣ ያውም በትንሹ ስጧቸው። ቀጠን ያለ ስለሆነ እንቅልፍ አይነሣቸውም ማለት ባልችልም፣ ከአቦሉ ይሻላል። ጠያቂ ሲበዛም ሁለት ሁለት እየሆነ ይግባ። ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ላይ ሲያወራ አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ፤ እኛ እንቅልፍ ይመስለን ነበር።

ውኃና ምግብ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ አቅርቡ፤ መጠማታቸውን ላይናገሩ ይችላሉ። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ሲገባ «እጾማለሁ» ቢሉ አትከራከሯቸው፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸውና ኢማሙ ወይም የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ያስረዷቸው።

ሲመሽ መብራት ቀድማችሁ አብሩ፤ ድንግዝግዝ ሲል ግራ መጋባቱ ይብሳል። ሌሊት ተነሥተው «ወደ ቤቴ ልሂድ» ቢሉ፣ ቤታቸው እንደሆነ ለማስረዳት አትታገሉ። ጋቢ ደርቡላቸው፣ «ሲነጋ አብረን እንሄዳለን» በሏቸውና እጃቸውን ይዛችሁ ወደ አልጋቸው መልሷቸው። ይህን የሚያደርገው ሰው ግን በየሌሊቱ አንድ አይሁን፤ እኅት ወንድም ተራ ግቡ።